ስንዝር ያጠረች ጋቢና

መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ሳለች በሩ አጠረባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ከግቢው በር በላይ አንዲት ክፍል ትሠራልኝ አለች። መንገዱን እያየሁ ልጦር እንጂ ጓሮ ተወትፌ የአጥር ቆርቆሮ እያየሁ አልሞትም አለች። እሷ አለች ማለት ለአባቴ ተፈጸመ ማለት ነው። ግንበኛ መጣ፣ ከበሩ በላይ ወፍራም የኮንክሪት ቢም ተሞላ፣ በቢሙ ላይ ክፍሏ ቆመች፣ አያቴም አልጋዋንና ከዘራዋን አስይዛ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ቤታችን የሚገባ ሰው ሁሉ በአያቴ እግር ስር እያለፈ ይገባ ጀመር።

የቢሙ ጣውላ ሲፈታ ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። አንዴ በሩን፣ አንዴ በግቢው ጥግ የቆመችውን አሮጌ ፒካፕ አየ።

"እቺ ልጅ እንግዲህ እዚሁ ማርጀቷ ነው" አለ።

ሳቅን። አባቴ ሜትሩን አውጥቶ ሲለካ ሳቁ ቆመ። የጋቢናዋ ጣሪያ ከቢሙ በአንድ መዳፍ ይበልጣል።

ጥፋቱ በግንበኛው ላይ ተላከከ። ለዓመታት እኔም ያንን ሰውዬ ሜትር ማንበብ የማይችል ሞኝ አድርጌ ነበር የማስበው። አሁን ትዝ የሚለኝ ግን ሌላ ነው። ብረቱ ከመታሰሩ በፊት ኮፍያውን አውልቆ፣ "እማማ፣ ትንሽ ከፍ ላድርገው? በኋላ መኪናዋ አትወጣም" ብሎ ጠይቆ ነበር። አያቴ፣ "የሞተች መኪና ናት፤ የት ትሄዳለች ብለህ ነው?" አለችው። አጠገቧ ተቀምጬ አሸዋ ውስጥ ጣቴን እየሰካሁ ነበር። ሰምቻለሁ። መኪናዋ የእናቴ እንደሆነችም አውቃለሁ። ሁለቱን ነገር ማገናኘት ግን በዚያ ዕድሜዬ የእኔ ሥራ አልነበረም።

ፒካፗን እናቴ ከአባቷ ነው የወረሰቻት። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን አትክልት ሲያመላልስባት ኖሮ ሲሞት ለሴት ልጁ ተወላት። ጉንጮቿ ያበጡ፣ መብራቶቿ ክብ፣ ፊቷ የተቆጣ እንቁራሪት የመሰለ ናት። ሞተሯ ወርዶ በድንጋይ ላይ ቆማ ስለኖረች ዶሮዎች ከስሯ ይፈለፍሉ ነበር፤ እኔም መሪዋን ይዤ ያልሄድኩበት አገር የለም።

አባቴ ላሜራ ሠሪ ነው። ግቢያችን ጋራዡ፣ ጋራዡም ግቢያችን ነበር። ምሳ ስንበላ ከሳህኑ አጠገብ የሰው መኪና በር ተጋድሞ ይቆያል። ረጅም ሰው ነው፤ የትኛውም በር ሲደርስ አስቀድሞ አንገቱን ሰበር ያደርጋል፤ ሰፊ ሜዳ ላይ እንኳ ሲራመድ የሆነ ነገር ሊገጨው ያለ ይመስላል። የሠራው ሥራ ዝንፍ ስለማይል ሰፈሩ "ውሃልክ" ይለዋል። ቡሎን ደግሞ አያምንም። "የተበየደ ተበየደ፤ ቡሎን ያሰብከውን እንድትቀይር የሚጠብቅህ ነገር ነው" ይል ነበር። የተሰነጠቀ ወንበራችንን በይዷል፣ የውሻውን ሰንሰለት በይዷል፣ አንዴማ የአያቴን ከዘራ ጫፉ ላይ ብረት አልብሶ በይዶታል። በዚያ ብረት ነው ከፎቅ ወለሉን እየቀጠቀጠች የምትጠራን።

እናቴ እዚያው ዳስ ስር የመኪና ወንበር ልብስ ትሰፋለች። አጭር ናት። የስፌት መኪናዋ ጋ ስትቀመጥ ከጨርቁ ክምር በላይ የሚታየው ሻሿ ብቻ ነው። አያቴ ስንት ዓመት ሙሉ "ሙሽሪት" ነበር የምትላት። ፍቅር ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ገና ቤቱን አልለመድሽውም ማለቷ ነበር መሰለኝ።

አንድ ከሰዓት ከስፌት ጠረጴዛው ስር፣ የቁርጥራጭ ቆዳ ክምር ውስጥ ተጋድሜ ነበር። የእናቴ እግር ፔዳሉን ይረግጣል፣ ያቆማል፣ ይረግጣል። የአባቴ ጫማ ወዲያ ይሄዳል፣ ወዲህ ይመለሳል። እናቴ እህቷ ደግማ እንደደወለች ትነግረዋለች። ሌላ ከተማ የአውቶቡስ ወንበር የሚሠራ ድርጅት አለ፤ ስፌቱን የምትመራ ሰው ይፈልጋሉ፤ እህቷ ስሟን ሰጥታለች። አባቴ "ጥሩ ነው" አለ፤ ጫማው ግን አልቆመም።

"አብረን እንሂድ ነው የምልህ" አለች።

ጫማዎቹ ወደ በሩ አቅጣጫ ዞሩ። ወደ ላይ እያየ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

"እሳቸውንስ?"

"እሳቸውንም።"

"ከዚያ ክፍል አይወርዱልሽም።"

"አውቃለሁ። እኔ ግን እዚህ ተቀምጬ አላረጅም። መጀመሪያ መኪናዬን አውጣልኝ፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ እናወራለን።"

ከዚህ ሁሉ እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንሄዳለን። በዚያው ጨርቅ ውስጥ ተጋድሜ አቀማመጡን ጨረስኩት። አባቴ ይነዳል፣ እናቴ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ መሃል፣ አያቴ ከነአልጋዋ ከኋላ ጭነቱ ላይ። ዝናብ ከመጣ ሸራ እናለብሳታለን። ያልተፈታው የአወጣጡ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ውሃልክ ይፈታዋል።

አባቴ ጎማዋን ገጥሞ ከድንጋዩ አወረዳት፤ ሞተሩን መለሰና አስነሳት። ዶሮዎቹ ተበተኑ፤ ከላይ ከዘራው ወለሉን ሦስቴ ደበደበ። ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ማንም አርፎ የተቀመጠበት አልነበረም። አባቴ ከመኪናዋ ወደ ቢሙ፣ ከቢሙ ወደ መኪናዋ ይመላለሳል፤ ማታ ራት ላይ እንኳ በማንኪያው እጀታ ጠረጴዛውን ይለካል። እናቴ የጀመረችውን ስፌት ፈትታ እንደገና ትሰፋለች። እኔ ደረጃውን እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፤ አያቴ ምን እየተደረገ እንደሆነ እንድነግራት በየሰዓቱ ትጠራኛለችና። የነገርኳትን አታምንም፤ ግን ደግማ ትጠራኛለች።

ጎሚስታው በየቀኑ አዲስ ሐሳብ ይዞ ይመጣል። በመጀመሪያ የጎማውን አየር አስተንፍሱት አለ፤ ተነፈሰ፣ መኪናዋ ዝቅ አለች፣ ግን ጣሪያዋ አሁንም ቢሙን ሊስም ይላል። ቢሙን ትንሽ እንፍለጠው አለ፤ ከላይ፣ "ከነአልጋዬ አፍርጠኝ በለው!" የሚል ድምፅ መጣ። በመጨረሻ አንድ ቁም ነገር ተናገረ። ጋቢናው ከስር ባለው የሻንሲ ብረት ላይ የተያዘው በጥቂት ቡሎን ነው፤ ፈታችሁ ለብቻው አውጡትና መንገድ ላይ መልሳችሁ ግጠሙት አለ።

አባቴ ከመኪናዋ ስር ተጋድሞ ነበር። ከዚያ ከስር፣ "መውጣት ብቻ አይደለም፤ መግባትም አለ" አለ።

የእናቴ የስፌት መኪና ቆመ። ቀና ብላ የሚታዩትን ሁለት እግሮቹን አየች፤ ቆይታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀጠለች። እኔም "እሱስ ልክ ነው፣ ስንመለስ ልንቸገር ነው" ብዬ በልቤ አባቴን አደነቅሁ።

ስለዚህ ጣሪያው ተቆርጦ ዝቅ እንዲል ተወሰነ። አባቴ የእናቱን ክፍል መንካት ስላልቻለ የሚስቱን መኪና ሊቆርጥ ነው። ይህን ያለው ጎሚስታው ነው፤ ሲለው ግን ማንም አልሳቀም፣ እሱ ራሱም።

መስታወቶቹ ወጡ፣ የውስጥ ጨርቁ ተገፈፈ፣ በሮቹ ተነቅለው ግድግዳው ላይ ተደገፉ። ጋቢናው ሲቆረጥ እንዳይጣመም አባቴ በውስጡ ብረት አግድሞ በየደው። በማግስቱ እናቴን ጠራትና፣ "ነይ ተቀመጪ" አላት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ የብረቱን መስቀለኛ ተሻግራ የሾፌሩ ወንበር ላይ ወጣች። እግሯ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ አልደርስ አለ። ወንበሩን ወደፊት ገፋላት። መሪው አፍንጫዋ ላይ ሆነ። ሄዶ አራት አጫጭር ብረቶች ይዞ መጣና ከወንበሩ ስር አስገባ፤ እናቴ ከፍ አለች። ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ ከአናቷ በላይ ያዘ፣ በሌላው እጁ ጠመኔ።

"ቀና በይ" አላት።

"ቀና ብያለሁ።"

"ከዚህ በላይ ቀና አትይም?"

"እዚህ ቤት ስገባ ቀና እል ነበር። ረስቼዋለሁ።"

ይህን ብላ ቀስ እያለች ወገቧን አቃናች፤ አንገቷን አቃናች፤ እጁን እስክትነካ። እጁ ትንሽ ቆየ። ከዚያ እጁ በቆመበት ከፍታ፣ በጋቢናው ምሰሶ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር ሳበ። ከላይ ከዘራው መታ። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። እኔ ሽልማት የተቀበልኩ ያህል ደስ አለኝ፤ ታርቀዋል አልኩ፤ ሮጬ ለአያቴም "አባዬና እማዬ መኪና መኪና እየተጫወቱ ነው" አልኳት። አያቴ መስኮቱን ዘጋችው።

የተቆረጠ ቀን ግቢው እሳት ዘነበበት። ብረት የሚቆርጠው ግራይንደር ሲጮህ ጥርሴ ድረስ ይሰማኛል፤ የተቃጠለ ቀለም ሽታ የእህል ጎተራችን ውስጥ ሳይቀር ገባ። አያቴ አልጋው እየተንቀጠቀጠ ነው በይው አለችኝ፤ ወርጄ ነገርኩት፤ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ "ትንሽ ነው የቀረው በያት" አለኝ። ወጥቼ ነገርኳት። "ምኑ ነው ትንሽ?" አለች። እሱን ለማወቅ መልሼ ወረድኩ። ስደርስ አባቴና ጎሚስታው ጣሪያውን እንደ ድስት ክዳን አንስተው ይዘውት ነበር። ከየምሰሶው የተቆረጡት ቁራጮች መሬት ላይ ተጥለዋል። አንዱን አንስቼ በእጄ ለካሁት። የእኔ ስንዝር አልበቃውም። እንደ ተራ ነገር ወረወርኩት።

ጣሪያው ሲወርድ የላይኞቹ ምሰሶዎች ከታችኞቹ ጋር አልገናኝ አሉ። እኔ ተበላሸ አልኩ። አባቴ ግን ይጠብቀው ነበር። ምሰሶ ወደ ውስጥ ዘንበል ያለ ስለሆነ ከላይ የተቆረጠ ነገር ዝቅ ሲል ይጠብባል፤ ስለዚህ ጣሪያውን ራሱን መሃል ለመሃል ከፍለው መሃሉ ላይ ሌላ ላሜራ ጨመሩበት። አባቴ ይህን ሲያስረዳኝ፣ "አንዱን ቆርጠሽ ሌላውን ሳትነኪ የሚሆን ነገር የለም" አለኝ። የሙያ ትምህርት መስሎኝ ለጓደኞቼ አወራሁት።

ብየዳውን የሚሸፍነው ስቱኮ ተቀብቶ ተፋቀ። መስታወቱ ተቆርጦ ገባ፤ የፊቱ መስኮት እንደ ፖስታ ሳጥን አፍ ጠበበ። በሮቹ ተመለሱ። የመንገዱ ሰው ሁሉ ሊያይ መጣ። የተቆጣችው እንቁራሪት አሁን ዓይኗን አጥብባ የምታሾፍ መሰለች። አባቴ በሩን ከፈተና ሊገባ አለ።

አልገባም። ወይም ገባ፤ ግን ጭንቅላቱ ጣሪያውን ገጨው። ዝቅ ሲል ጉልበቱ መሪውን ያዘ። አንገቱን ወደ ጎን አጥፎ ጆሮውን ትከሻው ላይ ሲያስተኛ ብቻ ተቀመጠ። ከመስኮቱ ውስጥ የሚታየው ግማሽ ፊት ነበር።

በመጀመሪያ የሳቀው ጎሚስታው ነው። "ውሃልክ፣ ዛሬስ ውሃው ፈሰሰ" አለ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። አንዱ ራስህንም ቁረጠው አለ፤ ሌላው ሚስትህ ትንዳህ አለ። አባቴ እንደተጣጠፈ ወጣ፤ ልብሱን አራገፈ፤ "ተሳሳትኩ" አለ። ከላይ መስኮቱ ተከፍቶ ነበር። ወደዚያ ቀና ብሎም፣ "ተሳሳትኩ፣ እምዬ" አለ።

አያቴ ያን ቀን በዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ልጇ መሄድ አይችልም፤ እሷ የሰማችው ይህን ነው። እኔ ደግሞ በሃፍረት መሬት ትዋጠኝ አልኩ። ያ ሁሉ መለካት፣ ያ ሁሉ ጠመኔ!

እናቴ አልሳቀችም፣ አላዘነችም። ሄዳ ተቀመጠችበት። ከአናቷ እስከ ጣሪያው አንድ ጣት ያህል ቀርቷታል። እግሯ ፔዳሎቹን ረገጠ፤ እጇ መሪውን ያዘ፤ ዓይኗ በዚያች ጠባብ መስኮት ልክ ተቀመጠ። ብዙ ቆየች።

"ገባኝ" አለች።

"አዎ፣ ልክሽ ነው" አላት አባቴ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ውሃልክ ማለቱን ትቶ "ስንዝር" አለው። ሲጠሩት ወዴት ይላል።

የሄድነው ጠዋት ላይ ነው። እናቴ ለወንበሩ እስከ ወለሉ የሚወርድ አዲስ ልብስ ሰፍታ አልብሳዋለች። አያቴ ከመስኮቷ ቆማ ነበር፤ መጀመሪያ ማን እንደሚሄድ የገባት አልመሰለኝም፤ ሲገባት፣ "ሙሽሪት፣ ልጅቷንስ?" አለች። እናቴ ቀና ብላ፣ "እማማ፣ ልጅቷ ትመጣለች፣ ትሄዳለች። በሩ እኮ አሁን ይበቃናል" አለቻት። አያቴ በከዘራዋ ወለሉን አልመታችም። አባቴ በመኪናዋ መስኮት በኩል ለእናቴ አንድ የቡሎን መፍቻ አቀበላት፤ ተቀብላ ከመሪው ጎን ባለው የክሩስኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ጎማ ከፈነዳብን ነው አልኩ። አባዬ አይመጣም ወይ ስላት፣ "አልበቃው አለ አይደል፣ አይተሻል" አለችኝ። አይቻለሁ። ከኋላዋ ጠባብ መስኮት ዞሬ ሳየው ቢሙ ስር ቆሞ ነበር፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ በአውቶቡስ እየሄድኩ አባቴን አየው ነበር። ከዓመት ዓመት እንደሱ ረዘምኩ። አስራዎቹን ሳጋምስ የፒካፗ ጣሪያ ፀጉሬን ይነካኝ ጀመር፣ ቀጥሎ ግንባሬን። "አባቴ በስህተት ያበላሻት መኪና" እያልኩ ለሰው አወራ ነበር፤ እናቴ አንድም ቀን አላረመችኝም። አንዴ ግን ያንን መፍቻ አውጥቼ ለውዝ ስሰብርበት ከእጄ ነጥቃ፣ ጠርጋ፣ ወደ ቦታው መለሰችው። ስለ ለውዝ እንዲህ ትቆጣለች ብዬ ገረመኝ።

አያቴ ባለፈው ዓመት ሞተች፣ ከዚያችው ክፍል ሳትወርድ። አባቴ እስከ መጨረሻው ምግቧን በደረጃው እያመላለሰ ነበር። ቅርብ ጊዜ ደግሞ እናቴ የፒካፗን ቁልፍ ሰጠችኝ። "ባሌስትራዋ ይንጫጫል፤ ለአባትሽ አሳዪው" አለች። በከተማችን ባሌስትራ፣ ያንን መኪናውን ከስር የሚሸከም ሞላ፣ የሚሠራ ሞልቷል። ይህንን ስነግራት ጨርቅ መቁረጧን ቀጠለች።

መንገዱን ሙሉ ጆሮዬን ትከሻዬ ላይ አስተኝቼ ነዳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ወረድኩ፣ አንገቴን ለማቃናት ብቻ። ለነገሩ ወርጄ ነው ያየሁት። ፒካፗ ቢሙ ስር ግማሽ ገብታ ቆማለች፤ ከጣሪያዋ እስከ ቢሙ ክፍተት አለ። እጄን ዘርግቼ አስገባሁት። የአንድ ትልቅ ሰው ስንዝር ሙሉውን ገብቶ ተረፈ። ለመውጣት ያስፈልጋት የነበረው አንድ መዳፍ ነው።

እዚያው ቆሜ ብዙ ነገር ወደ ኋላ ለካሁ። ጠመኔው የተሳበው ከቢሙ አልነበረም። ከእናቴ አናት ነው።

አባቴ የመኪናዋን ድምፅ ሰምቶ ወጣ። ሸብቷል፤ ቁመቱ ግን አልቀነሰም። መጀመሪያ መኪናዋን፣ ቀጥሎ አንገቴን ስታሸው አየ።

"እንደዚህ ሆነሽ ነዳሽ?"

"ምን ላድርግ፣ አንተው ነህ የሠራሃት።"

ሳቅ አለ። በሩን ከፍቶ ተንበረከከ፤ እስከ ወለሉ የሚወርደውን የወንበሩን ልብስ፣ እናቴ ስንቴ የቀየረችውን ያንን ልብስ፣ እንደ መጋረጃ ገለጠው። ከዚያ ሳይጠይቀኝ እጁ ወደ ክሩስኮቱ ሄደ። ሳይፈልግ፣ ሳይዳስስ መፍቻውን አወጣው።

"አስቀምጣዋለች" አለ። የነገረው ለእኔ አይመስለኝም።

ዝቅ ብዬ አየሁ። ከወንበሩ ስር ያሉት አራት ብረቶች አልተበየዱም። የውሻ ሰንሰለት የበየደ ሰው በአራት ቡሎን አስሯቸዋል። ቡሎኖቹ ዝገት አልነካቸውም፤ ዙሪያቸው የቆየ ግራሶ አለ፣ በላዩ ደግሞ አዲስ። ይህን ሁሉ ዓመት እየገለጠች ግራሶ ትቀባቸው ነበር እንጂ አንድ ቀን አልፈታቻቸውም።

አባቴ አንድ በአንድ ፈታቸው። ብረቶቹን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጣቸው፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ አሳርፎ፣ መልሶ አሰረው። ከዚያ እጁን ጠርጎ ገባ። ጉልበቱ ከመሪው ስር ተመቻቸ፤ ጀርባው ተደገፈ፤ አንገቱ ቀና አለ። ከአናቱ እስከ ጣሪያው አንድ ጣት ያህል ቀረ።

"ያን ቀን ተሳሳትኩ ያልከው ለማን ነው?" አልኩት።

"ለሚያምነው" አለና ሞተሩን አስነሳ። "ነይ ግቢ። ባሌስትራው ዝም ብሎ ቆሞ አይሰማም፤ እስከ ማዞሪያው እንያት።"

"እስከ ማዞሪያው ብቻ?"

መፍቻውን ወደ ቦታው መለሰ። ጎሚስታው ከማዶ፣ "ስንዝር! ገባህ እንዴ?" ብሎ ሲጮህ ሰማሁት። ብረቶቹን ጭኔ ላይ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አባቴ ወደ ኋላ ማርሽ አስገባና ቀስ ብሎ ወደ መንገዱ ይወጣ ጀመር፤ የባዶዋ ክፍል ጥላ በኮፈኑ ላይ አለፈ፤ ከላያችን ስንዝር ሙሉ ክፍት ቦታ አለ፤ እሱ ግን ከቢሙ ስር ስናልፍ አንገቱን ሰበር አደረገ።